ግራ እጄ የጣላቸው ድምፆች

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው ሁሉ መሀል ላይ ያቋርጠኛል። "ቆይ፣ ማን አስገድዶሽ ነው?" ይለኛል። ማንም። "ታዲያ ምን ሰጡሽ?" ምንም። እዚህ ላይ ሰሚዬ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ አላመነኝም ማለት ነው። እናንተ የምታነቡ ስለሆናችሁ አታቋርጡኝም። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምረው።

ያኔ የምኖረው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ ነበር። ስሟን ልተወው፤ ሰዎቿ አሁንም አሉ። ወላጆቼ ከዳውሮ የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት የቆየሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አባቴ ሲሞት አቋረጥኩ። ንባብ የጨረስኩት በጆንያ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ጆንያ ላይ የታተመውን፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። በኋላ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ እኔ ይዞ ይመጣ ጀመር። እኔም እንዳለ አላነብለትም፤ ደረቅ መስሎ ከታየኝ አንድ ሁለት ሰላምታ ጨምሬበት ነው። ወሬ ስወድ ለጉድ ነው።

እንጀራዬ ቡና መልቀም ነበር። ከዛፍ ላይ አይደለም፣ መጋዘን ውስጥ ነው። የተፈለፈለው ቡና ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። እኛ ሴቶች ግራና ቀኝ ተደርድረን ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን እያወጣን በግራ ጉልበታችን አጠገብ ባለ ጣሳ ውስጥ እንጥላለን። ግርድ ነው የምንለው። ደህናው በቀኝ እጅ ወደ ፊት ይገፋል። አዲስ ለቃሚ ቡናውን እያየች ትለቅማለች። እንደ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የቆየች ግን አታይም፤ ዓይንና እጅ እርስ በርሳቸው ተዋውለው ይጨርሱታል፣ አፍ ነፃ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተዳረ ያልተፋታ ሰው የለም። አንዴ ጣሳ ውስጥ የገባውን ደግሞ መልሶ የሚያይ የለም። ግርድ ግርድ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የፓርላማ ምርጫ መጣ። የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር ታምሩ የምርጫ ጣቢያችን ኃላፊ ሆኖ ተመድቦ፣ አብረውት የሚሠሩ አራት አስፈጻሚዎች ይፈለጉ ነበር። ታምሩ እኩያዬ ነው፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ።

"አስናቀች፣ የፓርቲ አባል ነሽ እንዴ?"

"ከእድር ሌላ አባልነት የለኝም።"

"ማንበብ መጻፍስ?"

"ያንተ የእጅ ጽሑፍ ካልሆነ ሁሉንም አነባለሁ።"

"ያን ምላስሽን ቤት ትተሽ ነይ" ብሎ መዘገበኝ። ሁለት ቀን ጅማ ሄደን ሠለጠንን። ጣት ላይ ቀለም መቀባት፣ ኮሮጆ ማሸግ፣ መቁጠር፣ መፈራረም። ደብተሬን ሞልቼ ተመለስኩ።

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ብቻ ነበር። አንደኛው የገዢው ፓርቲ፣ ሁለተኛው ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ሌሎቹ ፓርቲዎች እኛ ዘንድ ሰው አላቀረቡም። ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ምርጫ ማለት ሄዶ ፈርሞ መምጣት ነው ብለን የለመድን ሰዎች ነን። በርጩማዋ የጋሽ ጀማል ነበረች። ጋሽ ጀማል ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ቡና መሬት ላይ ማስጣት ትተን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንድናደርቅ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ በመጀመሪያ በእግር፣ በኋላ በሞተር ብስክሌት፣ በየገበሬው ጓሮ። በግል ተወዳደሩ። የሚኒባስ ተራው ጋ ቆመው ሲቀሰቅሱ ሰምቻቸዋለሁ።

"እንደማላሸንፍ አውቃለሁ" አሉ። "ግን ቡናህን የሚረከብህ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ስለ ሚዛኑ ትጠይቀዋለህ? አትጠይቀውም። እኔ የቆምኩት ሚዛኑን የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዲኖር ነው።"

አንድ ረዳት ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ "ጋሽ ጀማል፣ እዚያ ሰው የሚፈልገው ወንበር ነው፤ እርስዎ በርጩማ ይዘው!"

"ወንበሩ ተይዞ ካገኘሁት የምቀመጥበት ይዤ መሄዴ ነዋ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቀና ወደ ጉዳዩ ሄደ።

የምርጫው ዕለት ካፊያ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ከቀበሌው አዳራሽ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ፤ ቀትር ላይ ግን የሚመርጠው ሁሉ መርጦ አለቀ። የጋሽ ጀማል ወኪል የወንድማቸው ልጅ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ "ወንዙ ከሞላ ማደሬ ነው" ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ሄደ። የፓርቲው ወኪል ጥግ ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እንቅልፉን ለጥጦታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩን ዘግተን ኮሮጆውን ከፈትን።

እዚህ ላይ ዝግ ልበል። ደንቡ እያንዳንዱ ወረቀት ለሁሉም እየታየ፣ የተመረጠው ስም ጮክ ተብሎ እየተጠራ ይቆጠር ይላል። በሥልጠናው እንዲያ ነው የተለማመድነው። ግን መብራት የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የተጠራ ስም አይሰማም። ከንጋት ጀምሮ ቆመናል። ታምሩ ወረቀቱን ሁሉ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠና፣

"አስኒ፣ አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ለይልን፣ ከዚያ እንቆጥራለን" አለኝ።

ሦስት ካርቶን አመጡ። ሁለቱን ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አንዱ ለፓርቲው፣ አንዱ ለበርጩማው። ሦስተኛው፣ ለተበላሸው ለዋጋ አልባው ወረቀት የተባለው፣ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ስላልነበረ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በግራ ጉልበቴ አጠገብ።

መለየት ጀመርኩ። ሰዎቹ ድክም ብሏቸው ስላየሁ ደግሞ ወሬ አመጣሁ። ሙሽራውንና ሚዜዎቹን የጫነ ሚኒባስ ተሳስቶ የሰው ሠርግ ቤት ገብቶ፣ በልተው ጠጥተው ጨፍረው ሲያበቁ ሙሽሪት ስትወጣ "ይቺማ አይደለችም" ያለውን ሙሽራ ታሪክ። እንዲህ ያለ ወሬ ሳወራ እጄ የት እንዳለ አላውቅም። የስልክ መብራት ይዞልኝ የነበረው ታምሩ እንኳ ከሳቁ ብዛት መብራቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስጨርስ ከፊቴ አንዱ ካርቶን ሞልቷል። ሁለተኛው ባዶ ነው። በግራዬ ያለው ከሥሩ ትንሽ ይዟል።

ታምሩ ከወለሉ ላይ አነሣና "እነዚህ ሁሉ ዋጋ አልባ ናቸው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። አላየኋቸውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ጣሳሽ ውስጥ ያለው በእርግጥ ግርድ ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እሱም በጀርባቸው በኩል ማህተማቸውን እያየ ቆጠራቸው። ሠላሳ ሰባት። በፖስታ አሸገ። የፓርቲውን ቆጠርን፣ ከሦስት መቶ በላይ ነው። በርጩማ፣ ዜሮ።

"ዜሮ?" አለ አንዱ አስፈጻሚ። "የራሳቸውስ?"

"የራሳቸውን የሰጡት ሌላ ጣቢያ ነው" አለ ታምሩ።

"እንግዲያ ልክ ነው።"

ፈረምን። አምስታችንም። የፓርቲው ወኪል ነቅቶ ፈረመ። በሩ ላይ ለጥፈን ወደ የቤታችን ሄድን። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልደነገጠም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በማግሥቱ ወደ መጋዘን ስሄድ ዘይነባ አዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዘይነባ በጠረጴዛው ላይ ከአጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። ፊደል አታውቅም፣ ቁጥር ግን አታመልጣትም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ትመለከታለች።

"አስኒ፣ ይቺ ክብ ነገር ምንድን ናት?"

"ዜሮ ናት።"

"የማን ዜሮ?"

"የጋሽ ጀማል።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ማሎ፣ እባክሽ! የእኔስ?"

"ምን የአንቺ?"

"እኔ በርጩማዋ ላይ ነው ጣቴን ያደረግኩት። ዋላሂ፣ በዚህች አውራ ጣቴ! አማቴም፣ ሌላዋ ምራቷም። ቡናችንን ማን ነው አልጋ ላይ ያስወጣልን? እሳቸው አይደሉም?"

"ምናልባት ተበላሽቶ..."

"ጣት ይበላሻል?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንቺ እዚያ ውስጥ ነበርሽ አይደል? እነሱ ሲበሉት ዓይንሽ እያየ ዝም አልሽ?"

"ማንም አልበላም፣ ዘይነባ። እኔ ነኝ የለየሁት፤ በእጄ።"

"ዱጋ?" አለች። እውነት? ማለቷ ነው። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

መጋዘን ገብተን ተቀመጥን። ዘይነባ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቡናው ፈሰሰ። እኔም እጄን ሰደድኩ፣ በሐሳብ ግን አዳራሹ ውስጥ ነኝ። ማን ነካው? ታምሩ? ፖስታውን አይቼዋለሁ፣ ፊቴ ነው የታሸገው። የፓርቲው ሰውዬ ተኝቷል። እንዲህ እያልኩ ሳስብ ጣሳዬ ውስጥ "ቂው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ታች አየሁ። አንዲት ጥቁር ፍሬ ነች። እኔ ነኝ የጣልኳት፤ ስጥላት ግን አላወቅኩም። እጄን አየሁት። ከብዙ ነጫጮች መሀል አንዷን የተለየች አንሥቶ ወደ ግራ ጉልበቴ ወስዷል።

አሥር የሚሆን አንድ ዓይነት ወረቀት ተከታትሎ ሲመጣ፣ ከመሀል የተለየ ምልክት ያለበት አንድ ብቅ ሲል፣ እጄ ምን እንደሚያደርገው አወቅኩ። ማንም አልሰረቀም። በርጩማ ሁሉ ግርድ ሆኗል።

ተነሣሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ "ወዴት?" ቢለኝ "አሞኛል" አልኩት፤ ውሸት አልነበረም።

ታምሩን ያገኘሁት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው። ወረቀቶቹ ያሉበት የታሸገ ከረጢት ቀበሌ ውስጥ ፖሊስ እየጠበቀው ነበር፤ ከቀትር በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ምርጫ ክልሉ ቢሮ ሊወስደው ነው። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ የቢሮውን በር ዘጋ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ሳይታይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።"

"ስንት ነበር? ሠላሳ ሰባት። ሁሉም የእሳቸው ቢሆን ያሸንፋሉ?"

"አያሸንፉም።"

"እንግዲያው ምን ይቀየራል? እኔና አንቺ ነን የምንቀየረው። አስኒ፣ ሰው ይህን ሲሰማ 'እጇ ለምዶ ነው' ብሎ የሚያምን ይመስልሻል? ኮሮጆ ገልብጠው ሲነቃባቸው ነው የሚለው። እኔ በጀርባቸው መቁጠሬንስ ምን ልበል? ሚስቴ አራስ ናት። ለርእሰ መምህርነት ተጠይቄያለሁ።"

"ዘይነባ መርጣለች እኮ።"

"ዘይነባ አንዲት ሰው ናት።"

"አንድ ሰው ዜሮ ነው እንዴ?"

"ጋሽ ጀማል ራሳቸው ቅሬታ ካቀረቡ ይከፈታል፤ እኔ ግን አላቀርብም" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ፈርቶ ነው፣ እኔም ፈርቻለሁ።

ጋሽ ጀማል ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። በቀን የሚዘጋ በር አልነበረም። ልጃቸው ከጅማ መጥታ ልብስ እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እሳቸው አጎዛ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘዋል፤ አይቆጥሩም።

"ሊሄዱ ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ጅማ፣ ልጄ ጋ። ከአሁን በኋላ እዚያ ብኖር ይሻለኛል።"

"ስለ ዜሮው ነው?"

"መሸነፉማ የታወቀ ነው።" መቁጠሪያውን አስቀመጡ። "ይህ ሁሉ ሰው ግን 'እርስዎን ነው የምመርጠው' ብሎኛል። እጄን ይዞ፣ በአላህ እየማለ። አላስገደድኩትም እኮ። አልመርጥዎትም ቢለኝ ምን አደርገዋለሁ? ዛሬ ከመስጊድ ስመለስ አንዱ 'አሰላሙ አለይኩም' አለኝና መልስ አጣሁ። አርባ ዓመት የገባሁበት ጓሮ ሁሉ ውሸታም ሆኖብኝ፣ በምን ዓይኔ ልየው? ሰላምታ ሳልመልስ አለፍኩ። በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም።"

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፤ ጠረጴዛውን፣ ካርቶኑን፣ ሙሽራውን፣ ጥቁሯን ፍሬ። ልጃቸው ልብስ ማጠፏን አቆመች። ስጨርስ ጋሽ ጀማል መቁጠሪያውን መልሰው አነሡ።

"ሠላሳ ሰባት?" አሉ።

"ቢበዛ። ሳይከፈት አላውቅም። ቅሬታ ያቅርቡ።"

"አላቀርብም።"

"ለምን?"

"ቅሬታ ካቀረብኩ አንቺን ወንጅዬ ነው። አንቺ ባትነግሪኝ ማን ይነግረኝ ነበር? መስማቴ ይበቃኛል፣ ልጄ። አላህ ይስጥሽ። ሂጂ፣ እንጀራሽን አታጥፊ።"

"ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል" አልኳቸው። "ዘይነባስ? እሷ ጣቷን አድርጋ ዜሮ አይታለች። ሁለተኛ ትመጣለች?"

ስወጣ ሻንጣው ገና እንደተከፈተ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ በራሴ ስም ለቢሮ ጽፌ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ የልመና መሰለ፣ አንዱ ላይ ሙሽራውን ጨምሬው ነበር። አራተኛው አጭር ሆነ፦ እኔ ለየሁ፣ እኔ ተሳሳትኩ፣ ዋጋ አልባ የተባለው ፖስታ ተከፍቶ ይታይ። ይዤ በሚኒባስ የምርጫ ክልሉ ቢሮ ወዳለበት ከተማ ሄድኩ። ከረጢታችን ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

ቢሮው ውስጥ ያገኘኋት ሴትዮ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበች።

"የየትኛው ወገን ነሽ?"

"ቡና ለቃሚ ነኝ።"

"ማን ላከሽ ማለቴ ነው።"

"ማንም።"

"እዚህ ሰው የሚመጣው 'ተሰረቅኩ' ብሎ ነው። 'አጠፋሁ' ብሎ የመጣ አይቼ አላውቅም።" ደብዳቤውን አስቀመጠችና እጇን ላዩ ላይ ጫነች። "ተወዳዳሪው ቅሬታ አላቀረበም። የጣቢያው ኃላፊ ውጤቱ ልክ ነው ካለ አልከፍተውም። ነገ ጠዋት አምስታችሁም ኑ፤ ወኪሎቹንም እጠራለሁ።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ መናገር አያስፈልግም።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ሁላችንም ተሰበሰብን። የፓርቲው ወኪል ግራ ገብቶታል። የጋሽ ጀማል የወንድም ልጅ በር ላይ ቆሟል። ታምሩ ከገባ ጀምሮ አላየኝም፤ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ሴትዮዋ የተፈራረምንበትን ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"አቶ ታምሩ፣ ይህ ፊርማዎ ነው?"

"ነው።"

"ዋጋ አልባ የተባሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አይተዋቸዋል?"

ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሱ ስቦ ፊርማውን አየ። "አይቻቸዋለሁ" ቢል አበቃ። እኔ አንዲት ወሬኛ ለቃሚ ነኝ፣ እሱ መምህር ነው። አስፈጻሚዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እሱም ያን ያውቃል፤ ለዚህ ነው መልሱ የዘገየው።

"አላየሁም" አለ። ድምፁ የተማሪ ድምፅ ነበር። "በጀርባቸው ነው የቆጠርኳቸው። ይከፈት።"

ፖስታው ተቀደደ። ሴትዮዋ እያንዳንዷን ወረቀት ከፍ እያደረገች ለሁላችንም አሳየች። በርጩማ። በርጩማ። በርጩማ፣ ጣቱ ትንሽ የሸሸ፣ ግን በርጩማው ላይ ነው። አሥረኛው ላይ ስትደርስ የፓርቲው ወኪል "ኧረ!" አለ። ሠላሳ አምስት ሆነ። ሁለቱ ብቻ በእውነት የተበላሹ ነበሩ። አንዱ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ላይ ጣት አርፏል፤ ማንንም ላለማስቀየም ይመስለኛል። ሁለተኛው ላይ ምልክት የለም፤ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ "መንገዱ መቼ ነው የሚሠራው?" ተብሎ ተጽፏል። ታምሩ ያን ሲያይ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳላውቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አዲስ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ፈረምን። ታምሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። እኔ ከአስፈጻሚነት ተሰረዝኩ፤ የሚገባኝ ነው። ፓርቲው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፣ ፓርላማ የገባውም ሰው ገባ፣ መንገዱም እንዳለ አለ። ከዚህ በላይ የተለወጠ ነገር ካለ ብላችሁ ብትጠብቁ እንዳታዝኑብኝ።

ታምሩ እንዳለው ሆነ፤ ሰው አላመነንም። ግማሹ "ሰርቀው ሲነቃባቸው መለሱ" አለ፣ ግማሹ "ጀማል ገዝቷት ነው" አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ በሚቀጥለው ወቅት ሲጠራ ስሜን ዘለለው። ምክንያቱን ብጠይቀው "አንቺ አፍሽ ሥራ ያስፈታል" አለኝ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ጅማ ገባሁ። አሁን መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የመሬት፣ የጡረታ፣ የፍቺ። ያቺ አራተኛዋ ደብዳቤ እንጀራ ሆነችኝ።

ብዙዎቻችሁ "ጎበዝ ነሽ" ልትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። መሳሳቴን እንጂ ጉብዝናዬን አይደለም የጻፍኩላችሁ። የሚያሳስበኝ እጄ አይደለም፤ እጅ የለመደውን ይሠራል። የሚያሳስበኝ "ዜሮ" ሲባል አምስት ሰው "እንግዲያ ልክ ነው" ማለታችን ነው። ሦስት መቶ ሰው በመረጠበት አዳራሽ ውስጥ አንድ እንኳ የተለየ ሐሳብ አይኖርም ብለን አምነን፣ ፈርመን፣ ራታችንን በላን። ካርቶኑ ባዶ መሆኑን ዓይኔ አይቷል እኮ። ቢያስገርመኝ ኖሮ ጎንበስ ብዬ በግራዬ ያለውን አየው ነበር። እናንተም አንድ ቀን በጣም የለመዳችሁት ውጤት ፊታችሁ ሲቀርብ፣ ደግማችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

አዲሱ ወረቀት በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ዘይነባን ይዣት ሄድኩ። ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች አየችው።

"ሦስትና አምስት። ሠላሳ አምስት።"

"አዎ።"

"አንዷ እኔ ነኝ። አማቴና ሌላዋ ምራቷ ሲጨመሩ ሦስት።" ዞር ብላ መንገዱን አየች። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን፣ ባጃጅ የሚጠብቁትን፣ ዳቦ የምትሸጠውን። "ሜ፣ እስቲ ሌሎቹ እነማን ናቸው?" አለችኝ በሹክሹክታ። ዳቦ ሻጯ ቀና ብላ አየችንና ቶሎ አቀረቀረች።

ጋሽ ጀማል ጅማ አልገቡም። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደዚያች ከተማ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ትንሽ ጎብጠዋል። አብሬያቸው ከመስጊዱ እስከ ቤታቸው ልሸኛቸው ብል ጉዞው ማለቂያ አጣ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ይቆማሉ፣ ለበቅሎ ነጂው፣ ለፖሊሱ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከዚህ በፊት ለማያናግሯቸው ሰዎች ሳይቀር። የቤት፣ የከብት፣ የልጅ ጤና ይጠይቃሉ።

"ጋሽ ጀማል፣ ለሁሉም እንዲህ ይቆማሉ እንዴ?" አልኳቸው ደክሞኝ።

"ምን ላድርግ፣ ልጄ" አሉኝ። "የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም።"